ዳይሬክት የተደረገ ወንበር

በራሱ የሚጠፋ ነገር አንወድም። እኛ የቦንጋ ሰዎች ማለቴ ነው፤ እናንተን አላውቅም፤ ምናልባት መብራት በሰዓቱ ሄዶ በሰዓቱ በሚመጣበት ከተማ ትኖሩ ይሆናል። እኛ ጋ መብራት በራሱ ይጠፋል፣ ኔትወርክ በራሱ ይጠፋል፣ የቧንቧ ውሃ በራሱ ይጠፋል፣ ማህተም የያዘው የቢሮ ሰውዬ እንኳ "ስልጠና ሄዷል" ተብሎ በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ዕቃ ገዝተን፣ ሲሠራ ቆይቶ ቀጭ ብሎ ቢቆም፣ "ሥራውን ጨርሶ ይሆናል" ብሎ የሚያስብ ሰው በመሃላችን አታገኙም። ተበላሽቷል። አራት ነጥብ።

እኔ የምኖረው በዚህ ጥርጣሬ ላይ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ከትምህርት ቤት ጋር የተለያየነው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተግባባንም። ከዚያ ከጅማ ሚዛን በሚመላለስ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆንኩ፤ መኪናው በየሄደበት ስለሚገተር ከመንዳት ይልቅ መጠገን ተማርኩ፤ ጅማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ዓመት ሽቦ ስልጥ ከረምኩና ወደ አገሬ ተመልሼ መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ከፈትኩ። ዝናብ ሲዘንብ ደንበኛና እኔ በምልክት ነው የምናወራው። ቦንጋ ደግሞ ዝናብ መቼ እንደማይዘንብ የሚያውቅ ሰው ካለ አምጡልኝ።

በዚህ ሙያ ከመፍቻም ከቴስተርም በላይ የምንወደው አንድ ቃል አለ። ዳይሬክት። የራዲያተር ፋን አንዴ እየዞረ አንዴ እየቆመ ባለቤቱን ካሳሰበው፣ መቼ እንደሚዞር የሚያዘውን ሴንሰር ቆርጠን እንጥልና ሽቦውን ከባትሪው ጋር እናጋባዋለን። ከዚያ በኋላ ፋኑ ሞተር ሲነሳ ይነሳል፣ ሞተር እስኪጠፋ ይዞራል። ዳይሬክት ሆነ ማለት ነው። ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ እኛም ደስ ይለናል፣ ፋኑ ምን እንደሚለው የጠየቀው የለም። ፍሪጅም፣ የውሃ ማሞቂያም ይዘውልን ይመጣሉ፤ በመሃል ገብታ "በቃ" የምትል ትንሽ ዕቃ ካለች እናወጣታለን። አትፍረዱብን። እናንተስ ጉዳያችሁ ከመዝገብ ቤት ወደ ቡድን መሪ፣ ከቡድን መሪ ወደ ሂደት አስተባባሪ ሲንከራተት "ኃላፊውን የሚያውቅ ሰው የለም ወይ?" ብላችሁ አታውቁም? ያም ዳይሬክት ነው። ልዩነቱ የናንተ ሽቦ አለመታየቱ ነው።

በዕድሜዬ ካወጣኋቸው ከነዚያ ትናንሽ ዕቃዎች አንዷን ግን አልጣልኳትም። የክብሪት ሳጥን ታክላለች። ይህን የምጽፈው በሷ ምክንያት ነው።

ጋሽ አስራት ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው፤ ማለትም ሞክረዋል። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ አንዲት ነጭ ዲኤክስ መኪና አለቻቸው፤ ከተማው በሙሉ ጭቃ በሆነበት ቀን እንኳ የሷ ወለል እንደ ሳሎን ንጹሕ ነው። እኔን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ላይ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ያልተመለሰ የቤት ሥራ ያዩ ይመስላሉ። እና አንድ የክረምት ጠዋት፣ ጉሙ የመንገዱን ማዶ በሸፈነበት ሰዓት፣ ያን ፊታቸውንና አንድ ካርቶን ይዘው መጡ።

ካርቶኑን አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ነው የላከው። ውስጡ ሁለት ማሞቂያ ጨርቆች አሉ፤ በጨርቁ ሆድ ውስጥ ቀጭን ሽቦ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። አንዱ የመኪና ወንበር መቀመጫ ውስጥ፣ ሌላው መደገፊያው ውስጥ ይገባል። ማብሪያ አለው፣ የተጣጠፈ ወረቀት አለው፣ ያቺ ትንሽ ሳጥንም አለችው። ሰው ቡና ለቅሞ በሚኖርበት አገር ወንበሩን የሚያሞቅ መኪና! ሳቄ መጣ። ለማን እንደሆነ ስጠይቅ ግን ሳቄን ዋጥኩት።

"ለእሷ ነው" አሉ። "ትንሽ ያማታል። በየወሩ ጅማ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት። ብርዱን ፈርታ ሁለት ቀጠሮ ቀረች። ሦስተኛውን ከቀረች አትቆይልኝም።"

እሷ ያሏቸው ባለቤታቸውን እትዬ አበበችን ነው። ምን እንደሚያማቸው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እኛ ጋ የሰው በሽታ አይጠየቅም። "እግዚአብሔር ይማራት" ይባልና ወደ ሌላ ወሬ ይታለፋል፤ በሽታው ስም ካለው ስሙን የሚያውቁት የታመመው ሰው፣ ሐኪሙና ግድግዳው ናቸው። ጨዋነት እንለዋለን። እኔም ያን ቀን ጨዋ ሆንኩ። በሌላ ቀን ሆኜ አላውቅም።

እትዬ አበበችን የማያውቅ የለም። ማር ተራ ተቀምጠው ሲሸጡ የኖሩ፣ አፋቸው ከማራቸው የሚጣፍጥ ሴት ናቸው። ከዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ገበያ መሃል ያደረጉት ነገር ለብዙ ሳምንት የሳቅ ቀለብ ሆኖን ነበር፤ አንድ እግር ነጠላ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ተውጦ ቀርቶ፣ እሳቸው ሳያውቁት በአንድ ጫማ ገበያውን አቋርጠው ተራቸው ላይ ደረሱ። ጫማውን ከጭቃ አውጥቼ እየሮጥኩ ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ። "ቀልቤን ጨምረህ ብታመጣልኝ ጥሩ ነበር" ብለው ሳቁ። እኔማ በሳቅ ወደቅሁ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል። ጠቀመ ከተባለ።

ጋሽ አስራት አንድ ማሻሻያ ነበራቸው። የመደገፊያው ጨርቅ ከጀርባ ይቅርና እግር ስር ይግባ አሉ፤ ወገቧስ ይችላል፣ በረዶ ላይ የቆመች የሚመስላት እግሯን ነው። እኔ ደግሞ ማሻሻያ ስወድ! ከወለሉ ምንጣፍ ስር ዘረጋዋለሁ አልኩ።

ሥራውን እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ፤ ኋላ ላይ "ይሄ ቀሽም" ትሉኛላችሁ፣ ቀሽም ግን አይደለሁም። ወንበሩን ከነብሎኑ አወጣሁ። ልብሱን ገፍፌ ጨርቁን ሳላጨማድድ ስፖንጁ ላይ ዘረጋሁት። ሽቦው በወንበሩ ሐዲድ እንዳይቆረጥ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳለፍኩት። ከባትሪው በሚነሳበት ቦታ ፊውዝ አስገባሁ፤ ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደ ብርማ ወረቀት ሳይሆን ትክክለኛ ፊውዝ። መኪናዋ እሳት እንዳትይዝ ነው። ልብ በሉ፣ ለመኪናዋ አሰብኩላት።

ሙከራው ጋሽ አስራት ግቢ ውስጥ ነበር። እትዬ አበበች ጋቢ ተከናንበው ወጡና ልክ እንደ ሙሽራ መኪና ዞረው ዞረው አይተውት ገቡ። ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸውን በሁለት ካልሲ እንደጠቀለሉ ምንጣፉ ላይ አሳረፉት። ማብሪያውን ተጫንኩ፤ ቀይ መብራት በራ። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ወገቤ ሞቀ" አሉ። "እውነትም ሞቀ። እግሬ ግን ያው ነው።"

ጎንበስ ብዬ መዳፌን ምንጣፉ ላይ አደረግኩ። ይሞቃል። ደህና አድርጎ ይሞቃል።

"ይሞቃል እኮ እትዬ።"

"ላንተ ይሆናል" አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጋሽ አስራት ብቻ አልሳቁም፤ ግቢው ውስጥ ወደሚለቅሙት ዶሮዎች ማየት ጀመሩ። ያኔ አንድ ቃል ሊናገሩ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ጨዋነት መለሰው።

ግማሽ ሰዓት ሲሆን ሳጥኗ ቀጭ አለች። ቀዩ መብራት ጠፋ።

እትዬ አበበች ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ ባላቸው ዞረው በካፊኖኖ፣ በአገራችን ቋንቋ፣ እንደ ቀልድም እንደ ምርርም አድርገው፣ ይሄም እንደ መብራታችን ነው አሏቸው፤ ገና ጎጀብ ሳንደርስ ትቶን ይሄዳል፤ ትቶኝ ከሚሄድ ነገር ጋር ጅማ አልሄድም። ከመኪናዋ ወርደው ጫማቸውን በዓይናቸው እየፈለጉ አጠለቁና ወደ ቤት ገቡ። በዓይናቸው እየፈለጉ ያልኩት ዛሬ ነው። ያን ቀን ያየሁት ቅር ያላቸው ሴት ብቻ ነው።

ጋሽ አስራት መኪናዋን ተደግፈው ቆሙ። የቀጠሮው ቀን ከነገ ወዲያ ነበር። እኔ ወረቀቱን ዘረጋሁ፤ ጽሑፉ በማላውቃቸው ቋንቋዎች ነው፣ የሰዓት ሥዕል ግን አለው፣ ከሥዕሉ አጠገብም ቃለ አጋኖ ተተክሏል። አየሁት። ቃለ አጋኖ የሚያስቆመኝ ሰው ብሆን ስምንተኛ ክፍልን እጨርስ ነበር።

"ዳይሬክት ላድርገው?" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አልጠየቀኝም።

"ጉዳት የለውም?" አሉ ጋሽ አስራት።

"ሞተሩ እስከሠራ ባትሪው አይሞትም" አልኩ።

አያችሁ? የጠየቁኝ ስለ ጉዳት ነው፤ የመለስኩት ስለ ባትሪ። እሳቸው መምህር ናቸው፣ ጥያቄና መልስ አለመገናኘቱን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባቸው። ግን ሰው የሚፈልገውን መልስ ሲያገኝ ማረም ያቆማል። ሳጥኗን ቆረጥኩ፣ ሁለቱን ሽቦ ጠምዝዤ በቴፕ አሰርኩ። ሳጥኗን ኪሴ ከተትኳት። እትዬ አበበች ተጠርተው እንደገና ተቀመጡ። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፤ አልጠፋም። እግራቸው አሁንም እንዳልሞቀ ሲናገሩ ግን፣ መንገድ ላይ ሲቆይ ይሞቃል አልኳቸው።

"እንግዲህ እሄዳለሁ" አሉ።

ጋሽ አስራት ትከሻዬን ያዙ። "ጎበዝ" አሉኝ። ሰባተኛ ክፍል ሙሉ ዓመት ጠብቄ ያጣኋት ቃል ናት። ወደ ሱቄ ስመለስ እግሬ መሬት አልነካም ነበር።

የሆነውን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከእሳቸው አፍ ሰማሁ። ንጋት ላይ በጉም ውስጥ ወጥተዋል። እትዬ አበበች ወንበሩን እያሞገሱ፣ በጊምቦ ሲያልፉ ለሚያውቋቸው ሁሉ በመስኮት እጅ እያውለበለቡ፣ ለወራት ያልተሰማ ጨዋታ እያመጡ ነበር። መንገዱ ወደ ጎጀብ ሲወርድ አገሩ እንደሚለወጥ ታውቃላችሁ፤ ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው ታች ሸሚዙን ይከፍታል። ጋሽ አስራት ላብ በላብ ሆነው መስኮት ከፈቱ። እናጥፋው ወይ ሲሏቸው፣ "ተወው፣ እግሬ ገና አሁን ሊሞቅ ነው" አሏቸው። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ነገር ሸተተ። ጎጀብ ቁልቁለት ላይ የሚሸት ነገር ደግሞ ምንድን ነው? ፍሬን ነው። የትኛውም ሹፌር ይነግራችኋል። ጋሽ አስራት ጥንቁቅ ሰው ስለሆኑ መኪናዋን ዳር አስይዘው ወረዱ፤ አራቱንም ጎማ ዞረው በእጃቸው ዳበሱ። ጎማዎቹ ደህና ነበሩ። እትዬ አበበች ከውስጥ፣ "ምነው፣ መኪናችን ደከማት እንዴ?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እንደገና ተነሱ። ጅማ ሩቅ ነው።

ሐኪም ቤት ነርሷ ካልሲውን ልታወልቅ ስትጎትት አልወጣ አለ። ቆዳቸው አብሮ ተጣብቆ ነበር። እትዬ አበበች የነርሷን ፊት አይተው ነው የደነገጡት እንጂ ሕመም አልተሰማቸውም።

ጋሽ አስራት ይህን የነገሩኝ ሱቄ በር ላይ ቆመው ነው። ባለቤታቸውን ጅማ አስተኝተው፣ ልብስ ሊወስዱ ብቻቸውን ተመልሰው ነበር። አልጮሁም። የፊቱን በር ከፍተው ምንጣፉን ገለጡልኝ። ምንጣፉ ላይ የሁለት እግር ቅርጽ በቡናማ ታትሟል፤ ጣት በጣት ይቆጠራል።

"እግሮቿ ስሜት የላቸውም" አሉ። "ስኳር ነው። ዓመታት ሆነው።"

"ምነው ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ለማን ነግሬ አውቃለሁ?"

ያኔ ነው ያች ነጠላ ጫማ ትዝ ያለችኝ። በጭቃ ውስጥ አንድ ጫማ ጥሎ ገበያ የሚያቋርጥ ሰው ቀልቡ አይደለም የጠፋው። ጫማውን በእጄ ይዤው ነበር እኮ። መልሱን በእጄ ይዤ እየሮጥኩ ነበር የምስቀው። ፊውዝ መኪናን ይጠብቃል፤ ሰውን የምትጠብቀው ሳጥኗ ነበረች፣ እሷ መሳቢያዬ ውስጥ ከብሎን ጋር ተቀላቅላ ተኝታለች። ሄጄ የጨርቆቹን ሽቦ ቆረጥኩ። ምን ይጠቅማል? እጄ የሆነ ነገር መቁረጥ ፈልጎ ነው።

መጀመሪያ ጣቶች ሄዱ። ከዚያ አንድ እግር ከጉልበት በታች። ስኳር የያዘው ቁስል አልሽር ብሎ ሁለት ወር ቆየና እትዬ አበበችን ቦንጋ ያመጣናቸው ለቀብር ነው።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጥግ ተቀምጬ ንፍሮ እየቆጠርኩ የሰማሁትን ላካፍላችሁ። ሰው ሁሉ "ስኳር ነው የጣላት" ይላል። ውሸት አይደለም። ጋሽ አስራት ስለ ምንጣፉ ለማንም አልተናገሩም፤ በሽታዋን የደበቁበት ዝምታ እኔንም ደበቀኝ። ከዚያ ደግሞ ሴቶቹ ይቀጥላሉ፤ እንዲህ ያለ ባል ማን አግኝቷል፣ ሲያሳክማት ወንበሯን በኤሌክትሪክ አሙቆላት ነው ይላሉ። ማን ሠራው? ይጠይቃል አንዱ። ያ ጥግ ላይ ያለው ልጅ። ዓይኖች ወደ እኔ ይዞራሉ፣ በአድናቆት። ከነዚያ ዓይኖች ድንጋይ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልናገር ብድግ ስል ጋሽ አስራት ከወንዶቹ መሃል ሆነው በዓይናቸው ቁጭ አደረጉኝ። ሰባተኛ ክፍል ላይም እንዲሁ ያስቀምጡኝ ነበር።

ድንኳኑን ስወጣ ከዋጫ የመጣ አቶ ኃይሉ የሚባል የቡና ነጋዴ ተከተለኝ። ፒካፕ አለው። ከንፈሩን መጠጠ፣ እትዬ አበበችን አነሳ፣ ደግነታቸውን አነሳ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለእኔም ልክ እንደሷ አድርግልኝ" አለኝ። ማሞቂያውን አስልኬያለሁ፣ ጠዋት ጠዋት የዋጫ መንገድ ወገቤን ገደለው አለ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ነው፤ ንፍሮው ገና በእጁ ነበር።

ሠራሁለት። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው። የሱን ሳጥን ግን አልነካኋትም።

ከአርባው በኋላ ጋሽ አስራት መጡ። ከስተዋል፣ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ እንደ ተሰቀለ ነው።

"ያቺ ሳጥን አለች?" አሉ።

"አለች።"

"እንደ መጀመሪያው ቀን አድርጋት።"

ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ጨዋነት አልነበረም ያን ቀን፣ ፍርሃት ነው። ጨርቆቹን ቀጠልኩ፣ የእግሩንም፣ ሳጥኗን መሃል አስገባሁ። ስጨርስ "ግባ" አሉኝ። እሳቸው መሪ ያዙ፣ እኔ በእትዬ አበበች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። "ጫማህን አውልቅ" አሉ። አወለቅሁ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ፣ ከነዚያ ሁለት ቡናማ እግሮች ላይ፣ የራሴን አሳረፍኩ። እንደ ልክ ገጠሙ። ማብሪያውን ራሳቸው ተጫኑና ሰዓታቸውን አዩ።

በጉሙ ውስጥ የጅማን መንገድ ይዘን ወጣን። እግሬ ሞቀ። እንዴት ደስ እንደሚል ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ጊምቦን አለፍን። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ፤ ጉሙ ከኋላችን ቀረ፣ መስኮቱን አልፎ የጎጀብ ወበቅ ፊታችንን ነካ፣ ጋሽ አስራት እጃቸውን ወደ መስኮቱ መክፈቻ ሰደዱ። ገና ሳይከፍቱት ሳጥኗ ቀጭ አለች።

መኪናዋን ዳር አቆሙ። ሰዓታቸውን አዩ። ቀጥለው ወደ ታች፣ ፀሐይ ወደሞላው ሸለቆ አዩ።

"ከዚህ ወዲያ አያስፈልጋትም ነበር" አሉ።

ሒሳቡ ይኸው ነው። እትዬ አበበች ትቶኝ ይሄዳል ያሉት ነገር ትቶ የሚሄደው ብርዱ ያለቀበት ቦታ አድርሶ ነበር። እኔ መናገር ያለበት ሰው እኔ መሆኔን እያወቅሁ፣ "ይቅርታ" የምትለው ቃል ከማውቃቸው ቃላት ሁሉ ትንሿ ሆና ታየችኝና አልደፈርኩም። ጋሽ አስራት መኪናዋን አዞሩ። ዳገቱ ላይ ጉሙ ተቀበለን፣ እግሬ በረደኝ። ማብሪያው አጠገቤ ነው። አልተጫንኩትም፤ እሳቸውም ተጫነው አላሉኝም።

ሱቄ በር ላይ አቶ ኃይሉ ፒካፑን አቁሞ እየጠበቀኝ ነው። ገና ሳልወርድ ጀመረ። ወንበሩ በራሱ እየጠፋ ነው፣ ተበላሽቷል፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው፣ ለሟቿ የሠራኸው እኮ እስከ ጅማ አልጠፋም ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ለኔም ዳይሬክት አድርግልኝ። አልተበላሸም፣ እንዲጠፋ ነው የተሠራው አልኩት። እንዲጠፋ የሚሠራ ማሞቂያ የት አገር አለ አለ።

ጋሽ አስራት መስኮቱን ወደ ታች አወረዱ።

"ንገረው" አሉኝ።

ወደ እሳቸው ዞርኩ። እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል ያላወጡ ሰው፣ በመንገድ ዳር፣ በቀን ብርሃን ንገረው አሉኝ። ነገርኩት። ከነጠላ ጫማዋ ጀምሬ እስከ ካልሲው፣ እኔ "ላድርገው?" ያልኳትን ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት። ጋሽ አስራት ሲደርስባቸው "ስኳር ነበረባት፣ እግሯ አይሰማትም ነበር፣ እኔም አልተናገርኩም" ብለው በራሳቸው አፍ ጨመሩ። ምንጣፉንም ገለጡለት።

አቶ ኃይሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ምንጣፉን ረጅም ጊዜ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ይህን አልክድበትም፣ መልካም ሰው ነው። "እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር፣ ለእናንተም ጽናቱን ይስጣችሁ" አለ። እጃችንን ሁለታችንንም ጨበጠ። ፒካፑ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፤ ትንሽ አሰብ አድርጎ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"የኔ እግር ግን ደህና ነው" አለ።

መንገዱን ተሻግሮ እንደኔው የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ተስፋዬ በር ላይ አቆመ። ተስፋዬ ፒንሳ ይዞ ሲወጣ ከዚህ ማዶ ሆነን አየነው። ጋሽ አስራት ከልማድ ሰዓታቸውን አዩ። ብዙ አልፈጀም።